ስለ ኪሎ ሜትሩ ከመጠየቃችሁ በፊት የኋላ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የምታወጡትን ጽሑፍ ሁሉ እከታተላለሁ። ጥሩ ነው፣ ቀጥሉበት። ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ስለ ባትሪው ትጽፋላችሁ፣ ስለ ቀረጡ ትጽፋላችሁ፣ አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ትጽፋላችሁ። ከኋላ ስለሚቀመጠው ሰው ግን አንድም መስመር አላየሁም። እኔ ቤት ደግሞ ብዙው ሰው ከኋላ ነው የሚቀመጠው። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የባለቤቴ እናትም አብረውን ነው የሚኖሩት። ጠዋት ትምህርት ቤት፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ ቢኖር ለቅሶ፣ ሐኪም ቤት ቢባል ሐኪም ቤት፣ ሦስቱ ሁሌም ከኋላ ናቸው። እንደኔ ያለው ቤተሰብ ደግሞ በዚህ ከተማ ብዙ ነው።

ትንሽ ጉዳይ አይምሰላችሁ። በጥር 2016 መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ተናግሯል። ከዚያ ወዲህ አዲስ መኪና ልግዛ ያለ ሰው ምርጫው ኤሌክትሪክ ነው። አሮጌው ቪትዝና ኮሮላ አገር ውስጥ አሁንም ይሸጣል፣ ግን ዋጋው አይቀመስም፤ ቤንዚኑም በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ በሊትር 100 ብር ካለፈ በኋላ ሰው መኪናውን ማንቀሳቀስ ራሱ ከብዶታል። በሌላ በኩል መንግሥት ሰውን ወደ ኤሌክትሪክ ለመሳብ ሲነሳ ተጨማሪ እሴት ታክሱን፣ ኤክሳይሱንና ሱር ታክሱን አንስቶ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል ለተበታተነው 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ አስቀረ፤ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመውን ደግሞ ከዚያም ነፃ አደረገው። እናም መኪና የመግዛት ሐሳብ ያልነበረው ሰው ሳይቀር ገበያ ወጣ። ዕቁብ ሰብስቦ፣ ውጭ አገር ካለች እህቱ ተበድሮ፣ አንዳንዱም ቦታ ሸጦ። ሰው የዕድሜ ልኩን ብር የሚያፈስበት ነገር ነው። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

መኪና መሸጫ ስትገቡ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ሻጩ የሚከፍትላችሁ የሹፌሩን በር ነው። ስክሪኑን ያበራላችኋል፣ ስክሪኑ ሲዞር ያሳያችኋል፣ ካሜራውን ያሳያችኋል፣ «405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ይላችኋል። አለቀ። እኔ አማቴን ይዤ አንድ ቦታ ሄጄ ነበር። የት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፣ ሌሎቹም ከዚያ ብዙ አይለዩም። «እሳቸው ከኋላ ይቀመጡና ይዩት» ስል ሻጩ ወንበሩ ላስቲክ እንደለበሰ ነው፣ ይበላሻል አለኝ። ያን ሁሉ ብር ልከፍልበት የመጣሁበትን መኪና ማለት ነው! አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። መኪናው የሚገዛው በዋናነት እሳቸው ታክሲ ሰልፍ ላይ እንዳይቆሙ ነው። እሳቸው ሳይቀመጡበት የሚገዛ መኪና ለኔ ምኔም አይደለም።

እስቲ ገበያው ላይ በብዛት ያሉትን እንያቸው። ዋጋ አልጽፍም፣ ይህ ደብዳቤ እስኪወጣ ድረስ ይቀየራልና። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የሰማችሁት ዋጋ ለሳምንት አይቆይም። ልክ ግን አይቀየርም። ሴንቲ ሜትር ሴንቲ ሜትር ነው።

ሰው በጣም የሚጠይቀው ቢዋይዲ የተባለው የቻይና ኩባንያ የሚሠራውን ሲጋል ነው። ከቢዋይዲዎቹ ርካሹ እሱ ነው፣ ያምራል፣ ለማቆምም ይመቻል። ለቻይና ገበያ የተሠራው ሲጋል ግን የአራት ሰው መኪና ነው። ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ይህን ስንት ገዢ ያውቃል? ከኋላ ያሉት ቀበቶዎች ሁለት ናቸው፣ የራስ መደገፊያውም ሁለት ነው። ሦስተኛ ልጅ መሃል ላይ ብታስቀምጡ ያ ልጅ የሚታሰርበት ነገር የለም። ፍሬን በድንገት ቢያዝ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል ወደ መስታወቱ ነው የሚሄደው። ሊብሬው ላይም የሚጻፈው አራት ሰው ነው፤ አደጋ ደርሶ አምስት ሰው ተጭኖ ቢገኝ ኢንሹራንሱ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። ይህን ለሁለት ሰው፣ ወይ አንድ ልጅ ላላቸው ወጣት ባልና ሚስት ብትሉኝ እሺ፣ በጣም ጥሩ መኪና ነው። አምስት ሆኖ ለሚሄድ ቤተሰብ ግን «ርካሽ የቤተሰብ መኪና» ብሎ መሸጥ ልክ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደረስኩ። ትልቁን ባትሪ የያዘው ሲጋል በቻይና መለኪያ 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል። ከሱ ከፍ ያለው ዶልፊን ደግሞ ባለ 44.9 ኪሎዋት ሰዓት (የቤታችን ቆጣሪ መብራት የሚቆጥርበት መለኪያ ነው) ባትሪው 420። ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጥና «ለ15 ኪሎ ሜትር ብዬ ይህን ሁሉ ብር ልጨምር?» ይላል። ሲጋሉን ይዞ ይሄዳል። ልዩነቱ ግን ኪሎ ሜትሩ ላይ አይደለም፣ ከኋላ ነው። የሲጋል የፊትና የኋላ ጎማ የሚራራቁት 2 ሜትር ከ50 ነው። የዶልፊን 2 ሜትር ከ70። ሃያ ሴንቲ ሜትር ማለት የአንድ ሰው ጉልበት ወንበር ሲገፋና ሳይገፋ ያለው ልዩነት ነው። ወደ ጎንም ሲጋል 1 ሜትር ከ71 ተኩል ሲሆን ዶልፊን 1 ሜትር ከ77 ነው። ዶልፊን አምስት ሰው ይይዛል፣ ከኋላ ሦስት ቀበቶ አለው። ብሩ የሚከፈለው ለዚህ ነው። ኪሎ ሜትር ብቻ የሚጽፍ ማስታወቂያ ይህን ለገዢው አይነግረውም።

በፊትና በኋላ ጎማ መሃል ያለውን ይህን ርቀት ሻጮች ዊልቤዝ ይሉታል። መኪና ስትገዙ አንድ ቁጥር ብቻ ጠይቁ ብባል ይህንን ነው የምመርጠው። ምክንያቱም ሰው የሚቀመጠው በጎማዎቹ መሃል ነው። ኤሌክትሪክ መኪና እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ አፍንጫው አጭር ይሆናል፣ ጎማዎቹ ወደ ጫፍና ጫፍ ይገፋሉ። ሁላችንም የምናውቀውን የ2004 ሞዴል ኮሮላ ውሰዱ። ሙሉ ርዝመቱ ከዶልፊን ይበልጣል፣ ዊልቤዙ ግን 2 ሜትር ከ60 ነው። ማለት ዶልፊን ከውጭ ከኮሮላ አጥሮ በጎማዎቹ መሃል አሥር ሴንቲ ሜትር ይበልጠዋል። ከኮሮላ ወርደን ትንሽ መኪና ውስጥ መግባት ሊሆንብን ነው ብላችሁ የምትፈሩ ካላችሁ በዚህ በኩል አትፍሩ። መሃል ላይ ያ ጉብ ያለው ነገርም የለም፤ ወለሉ ዝርግ ነው፣ መሃል የሚቀመጠው ልጅ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል።

ቻይናዎቹ ራሳቸው የኋላ ወንበር ነገር ይገባቸዋል። እዚያም ልጅ፣ እናትና አባት፣ አያት አንድ ላይ የሚሄዱበት አገር ነው። ጀርመኖቹ እነ ኦዲና ቢኤምደብሊው እንኳ ለቻይና ገበያ ብለው አንዳንድ ሞዴሎቻቸውን ከኋላ አስረዝመው ነው የሚሠሩት፣ ሌላ አገር ብዙም የማይሸጡትን። ስለዚህ የኛን ቤተሰብ የሚመች መኪና አልተሠራም ማለት አይቻልም። ተሠርቷል። እኛ ጋ ሲደርስ ነው ማንም የማይጠይቀው።

ዊልቤዝ ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ማንም ሲጽፍበት አላየሁምና። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከወለሉ ሥር ነው የተነጠፈው። ስለዚህ ወለሉ ከፍ ይላል። ወለሉ ከፍ ሲል ወንበሩም አብሮ ከፍ ካላለ ጉልበት ወደ ላይ ይወጣል፣ ጭን ወንበሩን ሳይነካ ይንጠለጠላል፣ ክብደቱ ሁሉ መቀመጫ ላይ ያርፋል። ልጆች አይሰማቸውም፣ እግራቸው አጭር ነው። ትልቅ ሰው ግን ከሰዓት በኋላ ከጀሞ መገናኛ በትራፊክ ተጣብቆ ሲሄድ ወገቡን ይይዘዋል። ጉልበት ለሚያመው ሰው ደግሞ ስቃይ ነው። ወንበሩን ከፍ አድርገው ለመሥራት ጣሪያው ከፍ ያለ መኪና ይፈልጋል። ሲጋል ከመሬት እስከ ጣሪያ 1 ሜትር ከ54 ነው፣ ዶልፊን 1 ሜትር ከ57፣ ከዶልፊን ከፍ ያለው የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ደግሞ 1 ሜትር ከ61 ተኩል። እነዚህ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ወረቀት ላይ ምንም አይመስሉም። አማቴ ግን ያወቋቸው ቁጥሩን ሳያዩ ነው፣ ገና አንድ እግራቸውን አስገብተው ሲቀመጡ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። መኪናውን የሚነዳው ሰው መጀመሪያ የፊት ወንበሩን ለራሱ ያስተካክል፣ በእውነት እንደሚነዳው። ከዚያ ወርዶ እዚያው ወንበር ጀርባ ይቀመጥ። ብዙ ቦታ የምታዩት መኪና የፊት ወንበሩ እስከ መጨረሻ ወደ ፊት ተገፍቶ ነው የሚቆመው፣ ለዚህ ነው ከኋላ ሰፊ የሚመስለው። ጉልበታችሁና የፊት ወንበሩ ጀርባ መሃል ቡጢያችሁ ካልገባ ቦታ የለውም። ከዚያ ጭናችሁ ወንበሩን ይነካ እንደሆነ በእጃችሁ እዩ። የእግራችሁ ጣት ከፊት ወንበሩ ሥር ይገባል? በአንዳንዱ መኪና አይገባም፣ ወንበሩ ዝቅ ሲል ይዘጋዋል። ከዚያ ሦስት ሆናችሁ ተቀመጡ፣ ቀበቶ እሰሩ። ሦስት ሆኖ መቀመጥ ሌላ ነው፣ ቀበቶ አስሮ መቀመጥ ሌላ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ስትጣበቁ የቀበቶው መቆለፊያ ከመቀመጫችሁ ሥር ይገባና ልጁ ማሰር ያቅተዋል። ማሰር ያቃተው ልጅ ሳይታሰር ይሄዳል።

በሩንም እዩ። የኋላ በሩ ምን ያህል ይከፈታል? ሽማግሌ ሰው እንደ ልጅ ሾልኮ አይገባም። መጀመሪያ መቀመጫውን ያስቀምጣል፣ ከዚያ እግሩን አንድ በአንድ ያስገባል። ለዚህ በሩ ሰፊ መሆን አለበት፣ ወንበሩም በጣም ዝቅ ማለት የለበትም። እንደ ቻንጋን ሉሚን ያሉት ሁለት በር ብቻ ያላቸው ትናንሾቹ መኪናዎች ለዚህ አይሆኑም። ሉሚን ሙሉ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ27 ነው፤ ከኋላ የሚገባው ሰው የፊት ወንበር ታጥፎለት ነው። ላጤ ለሥራ ይነዳው። እኔ ግን ከኋላ ሕፃን አቅፋ የገባች እናት አይቻለሁ፣ ስትወጣ ሰው ነው የጎተታት።

ከዶልፊን ከፍ ስንል ዩዋን ፕላስ አለ። ዊልቤዙ 2 ሜትር ከ72 ነው፣ ከዶልፊን ብዙም አይለይም። ወደ ጎን ግን 1 ሜትር ከ87 ተኩል ነው፣ ሦስት ሰው በምቾት የሚቀመጠው ያኔ ነው። ዩዋን ፕላስ በሁለት ባትሪ ነው የሚመጣው፣ 430 እና 510 ኪሎ ሜትር እየተባለ። የኋላ ወንበሩ አንድ ነው። በሩ አንድ ነው። ስለዚህ ብር ማትረፍ ከፈለጋችሁ እዚህ ጋ አትርፉ፦ ባለ 430ውን ያዙ። ዶልፊንና ዩዋን ፕላስ መሃል ለሚያመነታ ደግሞ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ብቻ ከሆኑ ዶልፊን ከበቂ በላይ ነው፣ አንድ ትልቅ ሰው በየቀኑ የሚቀመጥ ከሆነ ግን አቅም ከፈቀደ ዩዋን ፕላስ።

የቮልስዋገን አይዲ 4 ከተማው ውስጥ በብዛት ይታያል፤ ዊልቤዙ 2 ሜትር ከ76 ተኩል ነው፣ ወንበሩም ለጀርባ ይመቻል። አይዲ 6 ሦስት ረድፍ ወንበር አለው፣ ስድስት ወይም ሰባት ሰው፣ ዊልቤዙ ወደ 3 ሜትር ሊጠጋ ነው። ልጆቻቸው ብዙ ለሆኑ ትክክለኛው እሱ ነው፣ ካላችሁ ግዙ። ሦስተኛው ረድፍ ግን የልጆች ቦታ ነው፤ አያትን እዚያ ማስገባት አይሆንም። የቶዮታ ቢዚ 4 ኤክስም ከኋላ ሰፊ ነው፣ 2 ሜትር ከ85። እነዚህ ሁሉ ግን እኔ ከምጽፍለት ሰው አቅም በላይ ናቸው፣ ስለዚህ አልቆይባቸውም።

«ግን ኪሎ ሜትሩስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ሰው ይፈራል፣ መንገድ ላይ ቆሞ መቅረት ያስፈራል። ግን እናስላው። አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ አድርሶ፣ ሥራ ሄዶ፣ ተመልሶ ቤቱ የሚገባ ሰው በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ብዙ ነው። የዶልፊን ያህል መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ከ12 እስከ 15 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ፣ የቀኑ ከ6 አይበልጥም። በቤት ሶኬት፣ 10 አምፔር በሚስበው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር፣ በሦስት ሰዓት ገደማ ይመለሳል። የቻይናው መለኪያ ለጋስ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን አትመኑ፤ ግን 420 የተባለው 280 ብቻ እንኳ ቢሄድ በሳምንት ሁለቴ ብትሰኩት ይበቃችኋል። ደግሞ ትራፊክ ውስጥ ቀስ ብሎ መሄድ ለኤሌክትሪክ መኪና ጥሩ ነው፤ ቁልቁለት ሲወርድም ፍሬን ሲያዝም ባትሪው ትንሽ ይሞላል። በየቀኑ የምትጠቀሙት የኋላ ወንበሩን ነው፣ መጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በዓመት አንዴ ብትነኩት ነው።

ከከተማ መውጣት ሌላ ጉዳይ ነው፣ አልዋሽም። አዳማ መሄድና መመለስ ለዶልፊን ችግር የለውም፤ ስትሄዱ ቁልቁለት ነው፣ ስትመለሱ ግን 600 ሜትር ያህል ከፍታ ትወጣላችሁ፣ ሰው የሞላበት መኪና ለዚያ ዳገት ብቻ ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ተጨማሪ ይፈልጋል። ይህን አስባችሁ ውጡ። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያለ ቻርጅ በአንድ ትንፋሽ ልሂድ ለሚል ባለ ትንሽ ባትሪ መኪና አይሆንም። አዲስ አበባ ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮም የከፈተውን ጨምሮ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያዎች እየመጡ ነው፣ ከከተማው ውጭ ግን ገና እንደልብ አይገኝም። በዓመት ሁለቴ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ለዚያ ሁለት ጉዞ ብሎ ዓመቱን ሙሉ ጠባብ ወንበር ላይ ቤተሰቡን ከሚያጭቅ፣ ለጉዞው መኪና ቢከራይ ወይም በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ቢሄድ ይሻላል እላለሁ።

ኮንዶሚኒየም ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ከባትሪው መጠን ይልቅ የት እንሰካዋለን የሚለው ነው ጭንቀቱ። እኛ ሕንፃ ላይ ከአራተኛ ፎቅ ገመድ አውርዶ የሚሰካ ሰው አለ። ዝናብ ሲመጣ ያ ገመድ ያስፈራኛል፣ ከሥሩ ልጆች ይጫወታሉ። መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ከነዋሪዎች ኮሚቴ ጋር ተነጋገሩ፣ ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ የራሳችሁን መስመር ከቆጣሪያችሁ በወፍራም ሽቦና በራሱ ማጥፊያ አስወርዱ። ወጪ አለው። እሱን ከመኪናው ዋጋ ጋር ደምራችሁ ነው አቅሜ ይችላል ወይ ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ። ትልቅ ባትሪ ይህን ችግር አይፈታውም፤ እንዲያውም ትልቁን ባዶ አድርጋችሁ ከሆነ በቤት ሶኬት አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል።

ስለ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። ከኋላ ሲጠብብ እኛ የምናደርገው ትንሹን ልጅ ከፊት ማቀፍ ነው። እባካችሁ ይህን ተዉ። የፊት ኤርባግ በሚፈነዳበት ኃይል የታቀፈ ልጅን ሊገድል ይችላል። ያ ኤርባግ የተሠራው ቀበቶ ላሰረ ትልቅ ሰው ነው። ጠባብ የኋላ ወንበር ማለት የመመቸትና ያለመመቸት ነገር ብቻ አይደለም፣ ልጅን ወደ ፊት የሚያመጣው እሱ ነው። የልጅ ወንበር የምትጠቀሙ ከሆነም ከኋላ የማሰሪያ ብረቶቹ መኖራቸውን፣ ወንበሩ ከታሰረ በኋላ ለሌሎቹ ሁለት ሰዎች ቦታ መትረፉን አረጋግጡ። የልጅ ወንበራችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አስራችሁ እዩ። ያለ ምንም ሐፍረት። ብሩ የእናንተ ነው።

የኋላ ዕቃ መጫኛውንም አትርሱ። የዶልፊን 345 ሊትር ነው፣ የዩዋን ፕላስ 440። ጤፍ ከወፍጮ ቤት፣ የበዓል በግ፣ የአማቴ ዕቃ ሁሉ እዚያ ነው የሚገባው፤ እዚያ ካልገባ ከሰው እግር ሥር ነው የሚገባው፣ ያኔ ያተረፋችሁት ሴንቲ ሜትር ሁሉ አለቀ ማለት ነው።

አሁን ከእናንተ የምፈልገውን ልንገራችሁ። ስለ መኪና ስትጽፉ ሦስት ነገር ጨምሩልን፦ መኪናው በሊብሬው ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ዊልቤዙ ስንት እንደሆነ፣ ከኋላ ስንት ቀበቶ እንዳለው። የትም ፍለጋ አያስፈልገውም፣ አምራቹ ያወጣዋል። ጋዜጠኛችሁ መኪና ሊሞክር ሲሄድም ለመንዳት ብቻ አይሂድ፣ እናቱን ወይም አባቱን ይዞ ሄዶ ከኋላ ያስቀምጣቸው፣ የሚሉትንም ይጻፍልን። ማስታወቂያ ስትቀበሉ ደግሞ አራት ሰው የሚይዘውን መኪና «የቤተሰብ መኪና» ብሎ የሚመጣውን ቢያንስ «ባለ አራት መቀመጫ» የሚል ጽሑፍ እንዲጨምር ጠይቁት። ኪሎ ሜትሩን በትልቁ የሚጽፍ ሰው ይህን በትንሹ መጻፍ አያቅተውም።

አስመጪዎችና ሻጮችም ይህን ካነበባችሁ ላስቲኩን ከአንድ መኪና ላይ ብቻ አንሱ። አንድ ብቻ። ከኋላ ሰው የሚቀመጥበት የማሳያ መኪና አቁሙ። አያቶችና ልጆች ይምጡና ይቀመጡበት። እኛም ወንበሩ የተስማማንን መኪና ለመግዛት ብራችንን ይዘን እንመጣለን።

አክባሪያችሁ፣
የሁለት ልጆች እናት፣ ከጀሞ፣ አዲስ አበባ